የአየር መሣሪያ ማርሚታ እንዴት ይመረጣል?

ከኮንሶ ተነሥቶ በወይጦና በቀይ አፈር በኩል ጂንካ የገባ ከባድ የጭነት መኪና ሲቆም «ጢሽ!» ይላል። ቅዳሜ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። አህያ ይደነብራል፤ የታዘለ ሕፃን ይነቃል። መኪናው ግን አልታመመም፤ ጎማውም አልፈነዳም። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ ሥራውን ሲጨርስ መውጣት አለበት። «ጢሽ» የሚለው እንግዲህ የሚወጣው አየር ነው።

መኪናው አንድ ጊዜ ጢሽ ብሎ ዝም ይላል። ይኸው ድምፅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ1000 ጊዜ በላይ ቢደጋገምስ? ያውም ከጆሯችን አንድ ክንድ ያህል ብቻ ርቆ፣ ከጧት እስከ ማታ? በአየር በሚሠራ የድንጋይ መብሻ ሲሠራ የሚውል ሰው የሚሰማው ይህንን ነው። ይህን ድምፅ የሚያፍን አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። ማርሚታ ይባላል። የምንነጋገረው ስለዚህ ዕቃና ስለ አመራረጡ ነው።

«ይኼ ለገበሬ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በሬና ሞፈር ማርሚታ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን መንገድ በተሠራ ቁጥር፣ ድንጋይ በተፈለጠ ቁጥር ሥራው ላይ የሚቆመው የገበሬው ልጅ ነው። ጂንካ ከተማ ውስጥ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታም የአየር መሣሪያ ይዟል። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ወይም ተበድረው መሣሪያ ይገዛሉ። ታዲያ ሲገዙ ስለ ዋጋውና ስለ ጉልበቱ ይጠይቃሉ እንጂ ስለ ማርሚታው የሚጠይቅ እምብዛም ነው። ሻጩ የሰጣቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ሲበላሽ ደግሞ ያገኙትን ይገጥማሉ፤ ካጡም ባዶውን ይተዉታል።

በመጀመሪያ አየር እንዴት ሥራ እንደሚሠራ እንይ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሪ አገር መቆፈሪያና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ ወናፉን ሲጫን አየሩ በጠባቡ አፍ ወጥቶ ፍሙን ያግለዋል። እነዚህ ባለሙያዎች ለብዙ ዘመን ሲናቁ መኖራቸው የሚያሳፍር ነው፤ ያለ እነሱ ማን ቆፍሮ፣ ማን አጭዶ ይበላ ነበር? ወደ ነገራችን እንመለስ። ኮምፕሬሰር የሚባለው ሞተርም ትልቅ ወናፍ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ አየሩን ወዲያው አይለቀውም። በወፍራም ብረት በርሜል ውስጥ እየጠቀጠቀ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ግፊት በዙሪያችን ካለው አየር ግፊት 6 ወይም 7 እጥፍ ያህል ይሆናል።

አየሩ ከበርሜሉ ተነሥቶ በጎማ ቱቦ ወደ መሣሪያው ይሄዳል። በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የብረት መዶሻ አለ። አየሩ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ቀጥሎ ወደ ላይ ይመልሰዋል። መዶሻው የመብሻውን ብረት ይመታል፤ ብረቱም ድንጋዩን ይበሳል። በእያንዳንዱ ምት ሥራውን የጨረሰው አየር በመሣሪያው ጎን ባለች ቀዳዳ ይወጣል። የድምፁ ዋና ምንጭ ይህች ቀዳዳ ናት። ታምቆ የነበረ አየር በድንገት ሲለቀቅ ውጭ ያለውን ጸጥ ያለ አየር ይመታዋል። ፊኛ ሲፈነዳ ጆሯችንን የሚመታን በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰዎች ይህን መሣሪያ ለትልቅ ሥራ ማዋል የጀመሩት በአውሮፓ ነው። ከፈረንሳይ ወደ ጣልያን የሚሄድ ባቡር እንዲያልፍበት የአልፕስን ተራራ ለመብሳት በ1857 እ.ኤ.አ. ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ የበሱት በእጅ መዶሻ ስለነበረ እጅግ ይጓተት ነበር። በኋላ ሶሜየ የሚባል መሐንዲስ በታመቀ አየር የሚሠራ መብሻ አስገባ። በእንፋሎት እንዳይሠሩ በተራራው ሆድ ውስጥ ጭሱ ሰው ይገድላል። አየር ግን ጭስ የለውም፤ እንዲያውም ለሠራተኛው መተንፈሻ ይሆናል። ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ዋሻ በ1871 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሶሜየ ራሱ ግን ምረቃውን ሳያይ በዚያው ዓመት ሞተ።

መሣሪያው ጉልበት አተረፈ፤ ጆሮ ግን አስከፈለ። ያን ጊዜ የሠራተኛን ጆሮ ማን ይጠይቃል? በ1886 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ አገር፣ በግላስጎ ከተማ፣ ባር የሚባል ሐኪም የእንፋሎት ጋን የሚሠሩ 100 ብረት ቀጥቃጮችን ጆሮ መረመረ። ከ100ው ውስጥ መስማቱ ሙሉ ጤነኛ የሆነ አንድም ሰው አላገኘም። እነዚህ ሰዎች የዋሉት በብረት ላይ በሚያርፍ መዶሻ ድምፅ መካከል ነው። የአየር መሣሪያ ድምፅም ከዚህ የሚያንስ አይደለም።

ለመሆኑ ድምፅ ጆሮን እንዴት ይጎዳል? በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ። ድምፅን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። በነፋስ የሚወዛወዝ የጤፍ ማሳ በዓይነ ኅሊናችሁ ይታያችሁ። ልከኛ ነፋስ ሲነፍስ ጤፉ ጎንበስ ብሎ ይነሣል። ኃይለኛ ነፋስ ከመታው ግን ይጋሸባል። አንድ ሌሊት አርፎ የሚነሣም አለ። ስለዚህ ነው ከሥራ ስንመለስ ጆሯችን ጭው ብሎ አድሮ ጧት የሚሻለን። በየቀኑ ሲደጋገም ግን ይሰበራል። ጤፍስ በሚቀጥለው ክረምት ይዘራል። የጆሮ ፀጉር ከሞተ ተመልሶ አይበቅልም፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም።

አንዳንዶች «እኔ ለምጄዋለሁ፤ ድምፁ አሁን አይረብሸኝም» ይላሉ። ይኼ መልመድ አይደለም። መስማት መቀነስ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። የወፍ ጩኸት፣ የሕፃን ድምፅ፣ የሐመር ሴቶች በጭፈራ ጊዜ በእግራቸው ላይ የሚያስሩት የቃጭል ድምፅ ይርቃል። ወፍራም ድምፅ፣ ለምሳሌ የበሬ እምቧታ፣ እንደ ድሮው ይሰማል። ስለዚህ ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ያስባል። በንግግር ውስጥ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የሚሉት ድምፆች ይጠፉበታል። ሰው ሲያወራ ድምፁን ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይለይም። «ምን አልክ? ምን አልሽ?» ማለት ያበዛል። በዕድር ስብሰባ ላይ ጥግ ይይዛል። ቤተሰቡ ሰውየው ተቆጪ ሆነ ይላሉ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል የለ? በዚህም ነገር ጆሮው መበላሸቱን መጨረሻ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

ቅቤ በኪሎ፣ አቡጀዲ በሜትር እንደሚለካ ሁሉ ድምፅም መለኪያ አለው። ዴሲቤል ይባላል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው 60 ዴሲቤል ያህል ነው። 85 ዴሲቤል ከሆነ አንድ ሰው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት የለበትም። አሁን በደንብ አስተውሉ። ዴሲቤል 3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጊዜው በግማሽ መቀነስ አለበት። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት ነው። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ማርሚታ የሌለው የድንጋይ መብሻ ከ110 በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ስሌት የሚፈቀደው ጊዜ 2 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሠራተኛው የሚቆመው ግን ቀኑን ሙሉ ነው። መለኪያ በሌለበት ቦታ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ክንድ ርቆ የቆመ ሰው እንዲሰማችሁ መጮኽ ካስፈለጋችሁ ድምፁ ከ85 አልፏል።

እንግዲህ ወደ ማርሚታው እንምጣ። በመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ሆድ ያለው ቆርቆሮ አለ። መካኒኮች ማርሚታ የሚሉት እሱን ነው። ቃሉ የጣልያን ነው፤ በቋንቋቸው ድስት ማለትም ነው። እውነትም ድስት ይመስላል። የአየር መሣሪያም የራሱ ማርሚታ አለው። ጭስ ባይኖረውም ሥራው አንድ ነው።

ሥራውን ለመረዳት የኮንሶን እርከን ማሰብ ይበቃል። ኮንሶዎች በድንጋይ የካቡት እርከን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በተራራ ላይ የወረደ ዝናብ እርከን ከሌለው ጎርፍ ሆኖ እያገሳ ይወርዳል፤ መሬት ይጠርጋል። እርከን ካለ ግን ውሃው በየደረጃው ይከፋፈላል፤ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ታች ሲደርስ ድምፅ የለውም። ማርሚታም እንዲሁ ነው። በአንድ ቀዳዳ ሊፈነዳ የነበረውን አየር በብዙ መቶ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፋፍለዋል። አየሩ እየተሽሎከለከለ፣ ኃይሉን እያጣ ይወጣል።

ነገር ግን ኮንሶዎች ሌላም ነገር ያውቃሉ። የተረፈው ውሃ የሚወጣበት በር ያልተውለት እርከን ውሃ ያቁርና ይደረመሳል። የማርሚታም ምርጫ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ በጣም ከጠበቡ ድምፁ ይጠፋል፤ አየሩ ግን ቶሎ አይወጣም። ሥራውን የጨረሰው አየር ካልወጣ መዶሻው ወደፊት ሲሄድ ይጋፋዋል። ምቱ ይደክማል። አፍንጫው ታፍኖ ሸክም ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ይሆናል።

አንድ ጊዜ ያየነውን እንንገራችሁ። ከጂንካ ወጣ ብሎ በአንድ የድንጋይ ማውጫ ቦታ ነው። ሦስት ወጣቶች በአየር መብሻ ይሠራሉ። ጆሯቸው ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ ወትፈዋል። የመብሻው ማርሚታ ተፈትቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ለምን ፈታችሁት ብለን ጠየቅን። አንደኛው አልሰማንም፤ ሁለተኛው ነው የመለሰልን። «እሱ ካለ መብሻው ይደክማል፤ የምንከፈለው ደግሞ በበሳነው ቀዳዳ ልክ ነው» አለን። ማርሚታውን አንሥተን አየነው። ቀዳዳው ሁሉ በዘይትና በድንጋይ ብናኝ ተለስኗል። ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ይመስላል። መታጠብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ይህን ለልጆቹ የነገራቸው የለም። አሠሪያቸውም ማርሚታው መፈታቱን እያየ ያልፋል።

በእነዚህ ልጆች መፍረድ አይቻልም። ድምፅ እንዲቀንስ ብቻ ታስቦ የተገዛ ማርሚታ በመጨረሻ የሚወድቀው መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ስንመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህል ያፍናል?» ብቻ መሆን የለበትም። «ምን ያህል አየር ያሳልፋል?» የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

በጂንካ አካባቢ ይህ ጥያቄ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይጠብቃል። ጂንካ ከባሕር ወለል ከ1400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል። ኮምፕሬሰሩ በባሕር ዳርቻ ከሚያምቀው አየር እዚህ የሚያምቀው ከመቶ 15 እጅ ያህል ያንሳል። ኦሞራቴ ቆላ ላይ ደኅና ሲሠራ የነበረ መሣሪያ ጂንካ ሲወጣ ትንሽ ሰነፍ የሚለው አንድም ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ጠባብ ማርሚታ ከጨመርንበት ጭራሽ ይተኛል።

መጠኑ የሚታወቀው በመሣሪያው የአየር መውጫ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ግማሽ ኢንች ከሆነ ማርሚታውም ግማሽ ኢንች ይሁን። ማስገቢያ ብረት ቀጥሎ ሩብ ኢንች ማርሚታ መግጠም መሣሪያውን ማነቅ ነው። ከፍ ያለ መግጠም ግን ጉዳት የለውም። የሚጠመዘዝበት ጥርስም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የእንግሊዝና የአሜሪካ አቆራረጥ አለ፤ ለዓይን ይመሳሰላሉ። ሁለት ዙር ገብቶ ከጠበቀ በመፍቻ አታስገድዱት፤ የመሣሪያው ጥርስ ይበላል። ዋስትናው የድሮውን ማርሚታ፣ ከተቻለም መሣሪያውን ራሱን ይዞ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ነው። በቃል ነግሮ ሰው መላክ የሚያተርፈው ሁለት የመኪና ትኬት ነው።

ከምን ይሠራል? አንዱ ዓይነት ከነሐስ ነው። ደቃቅ የነሐስ ቅንጣቶች በእሳት ተጋግረው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት አየር ያሳልፋል። ጠንካራ ነው፤ ጥሩም ያፍናል። ግን በዘይት ቶሎ ይደፈናል። ሁለተኛው ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። ቀላልና ርካሽ ነው፤ አይዝግም። ድንጋይ ከወደቀበት ግን ይሰበራል። ለጎሚስታ ቤት ይሆናል፤ ለድንጋይ ማውጫ አይሆንም። ሦስተኛው ውስጡ ክፍል ክፍል ያለው ወይም የሽቦ ወንፊት የተደረገበት፣ ተከፍቶ የሚታጠብ ነው። ለከባድ መብሻ ደግሞ መላ አካሉን እንደ ካፖርት የሚሸፍን የጎማ ወይም የፕላስቲክ ልብስ አለ። የብረቱንም ጩኸት ጥቂት ያፍናል።

እኛ ብንጠየቅ ለድንጋይ ሥራ የምንመርጠው ተከፍቶ የሚታጠበውን ወይም የጎማ ልብስ ያለውን ነው። ምክንያቱም የአየር መሣሪያ ዘይት ይጠጣል። ዘይት ካልጠጣ ውስጡ ይበላል። የጠጣው ዘይት ከአየሩ ጋር ይወጣና ማርሚታው ላይ ይቀራል። ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ከሆነ በጥቂት ቀን ይዘጋል። በጣም የተዘጋ ማርሚታ፣ በተለይ የፕላስቲኩ፣ አየር ሲታመቅበት ተፈንጥሮ ሰው ሊመታ ይችላል። ጨርቅ ወይም ቡሽ ቀዳዳው ላይ ወትፎ መሥራትም ከዚህ አይለይም፤ ፈጽሞ አይደረግ።

አንድ የሚያስገርም ነገር ደግሞ አለ። የታመቀ አየር ተለቆ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። በጣም ስለሚቀዘቅዝ አየሩ ውስጥ እርጥበት ካለ ማርሚታው ላይ በረዶ ይይዛል። በወይጦ ሐሩር፣ ሰው ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ መሣሪያው በረዶ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። በረዶውም ቀዳዳውን ይደፍናል። መፍትሔው በኮምፕሬሰሩ በርሜል ሥር ያለችውን መክፈቻ በየማታው ከፍቶ ውሃውን ማፍሰስ ነው። ይህን የማያደርግ ሰው በርሜሉም ከውስጥ ይዝግበታል።

የአየሩ መውጫ ወዴት እንደሚያይም ተመልከቱ። ወደ ሠራተኛው ፊት ከሆነ ዘይት ያለበት ጉም ሲተነፍስ ይውላል። ወደ ጎን የሚያዞር ማርሚታ ይሻላል። በነገራችን ላይ፣ በሥራ መጨረሻ ልብስን በአየር ቱቦ ማራገፍ የተለመደ ነው። መተው አለበት። የታመቀ አየር የጆሮ ታምቡር ይበጥሳል፤ በቁስል በኩል ከገባም ሊገድል ይችላል።

ደግሞም ከማርሚታ ብዙ አንጠብቅ። ከቀዳዳው የሚወጣውን የአየር ድምፅ ጥሩ ማርሚታ በ20 ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። ብረት ድንጋይ ሲመታ የሚያወጣው ጩኸት ግን ይቀራል። ስለዚህ ድንጋይ የሚበሳ ሰው ማርሚታም ቢኖር የጆሮ መከላከያ ያስፈልገዋል። ብጣሽ ጨርቅ ወይም ጥጥ መከላከያ አይደለም፤ ድምፁ አልፎት ይገባል። መከላከያውን የመስጠት ግዴታ ያለበት አሠሪው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። ሕጉ ለሠራተኛውም ይናገራል፤ ለደኅንነት የተገጠመን ዕቃ መንቀልና ማበላሸት ክልክል ነው። ስለዚህ ሠራተኛው «ማርሚታው ተደፍኗል፤ ይታጠብ ወይም ይለወጥ» ብሎ አሠሪውን መጠየቅ ይችላል።

አጠባቡ ቀላል ነው። ማርሚታውን ፍቱትና በላምባ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጧት በብሩሽ ፈትጉት። ከዚያ በቀስታ አየር ንፉበት። ሳይገጠም በደንብ ይድረቅ። ላምባ ባለበት እሳትና ሲጋራ አይቅረብ።

አዲስ ማርሚታ ስትገዙም ሆነ ያጠባችሁትን ስትገጥሙ እንዲህ ሞክሩት። በአንድ ዓለት ላይ ያለ ማርሚታ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቀዳዳ ብሱ፤ ጆሮ ግን ይሸፈን። ደቂቃውን በሰዓት ያዙ። ከዚያ ማርሚታውን ገጥማችሁ ከጎኑ ሌላ አንድ ክንድ ብሱ። የሁለቱ ጊዜ ከተቀራረበ ማርሚታው ተስማምቷል። ሁለተኛው በጣም ከረዘመ ጠቦታል፤ ወደ ሱቁ መልሱትና ሰፋ ያለውን ውሰዱ።